የአራጌ ግራ ፊት

ቆቦ ውስጥ ፍሬሰላም ቁጡ ናት ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ አልክድም። የሥዕል ትምህርት የማስተምራቸው ልጆች ይፈሩኛል፤ ከጎብዬ እስከ ዋጃ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ያሠሩኝ ካህናትም ቢሆኑ «እስኪ ዛሬ ፀባይዋ እንዴት ነው?» ብለው አጣርተው ነው የሚመጡት። እትዬ ወለላን የሚያጣራላቸው ሰው ስላልነበረ ዝም ብለው መጡ። ወንበር ሳልስብላቸው የቀለም ሳጥኔ ላይ ቁጭ አሉና ነጠላቸውን አስተካከሉ። እዚያ ሳጥን ላይ ሌላ ሰው ቢቀመጥ ቤቱን አናውጠው ነበር። ግን አብረዋቸው የመጡት እማ ዓሊማ ናቸው። ሥዕል የምሠራበትን አቡጀዲ ሁሉ ከእሳቸው ሱቅ ነው የምገዛው፤ እንዴት ብዬ ነው የምቆጣው?

«ይቺ ጓደኛዬ ሥዕል ልታሠራ ነው» አሉ እማ ዓሊማ። «አደራሽን እሷን እንዳትቆጪያት። ቁጣ ከመጣብሽ በእኔ ላይ ተወጪው፤ እኔ ለምጄዋለሁ።»

«ማን ተቆጣ?» አልኩ፣ ቆጣ ብዬ።

እትዬ ወለላ የሮቢት ሰው ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ያላቸው አንድ ልጅ አራጌ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ከቤት ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ሞተ ያለ የለም፣ አየሁት ያለም የለም። አራት ዓመት ሆነው። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ሁሉም «አይ ወለላ፣ እንግዲህ ተዝካሩን አውጪለት፣ ነፍሱ አትንከራተት» ይላቸዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ሁለተኛ አያናግሩትም። በሮቢት የሚያናግሩት ሰው እየተመናመነ ሄዶ፣ ተዝካር የሚለውን ቃል አንድም ቀን ያልተነፈሱት እማ ዓሊማ ብቻ ቀሩ።

ለመድኃኔ ዓለም ተስለዋል። ልጄን ብትመልስልኝ ኩርዓተ ርእሱን አሠርቼ ግድግዳህ ላይ አኖራለሁ ብለዋል። እኔ ግራ ገባኝ።

«እትዬ ወለላ፣ ስለት የሚገባው እኮ ልጁ ሲመጣ ነው።»

«እሱ የሌላው ሰው ስለት ነው» አሉ። «እኔ ቀድሜ አስገባለሁ። ከተቀበለ በኋላ ዝም ማለት ለራሱም ያሳፍረዋል።»

ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቴን በሉኝ። እግዜርን በይሉኝታ ሊይዙት ነው የመጡት።

እንደምታውቁት በእኛ አገር ሥዕል ያሠራ ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ይሣላል፤ ስሙም አጠገቡ ይጻፋል። እትዬ ወለላ ግን «እኔን ተዪኝ፤ በእኔ ቦታ እሱን አድርጊልኝ» አሉ። «ግን እሱን ራሱን። የማንም ፊት ለጥፈሽ አራጌ ነው እንዳትይኝ። የሚያውቀው ሰው ሲያየው አራጌ ነው ማለት አለበት።»

«ፎቶ አለ?»

እማ ዓሊማ ስልካቸውን አወጡ። የእትዬ ወለላ ቤት በዚያው ጊዜ ስለተቃጠለ የልጁ ፎቶ የሚባል ነገር አልተረፈም። የተገኘው አንድ ብቻ፣ የእማ ዓሊማ ልጅ ሲያገባ የተነሳ ነው። መሐል ላይ ሙሽሮቹ አሉ፤ ከጥግ በኩል አራጌ ወደ ሙሽራዋ ዞሮ ይስቃል። ሙሉ በሙሉ በጎኑ ነው። ቀኝ ፊቱ ወለል ብሎ ይታያል፤ ግራው የለም።

እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ለምን ደስ እንዳለኝ ልንገራችሁ፤ ሳልነግራችሁ ካለፍኩ ይበላኛል።

ኩርዓተ ርእሱ የእሾህ አክሊል የደፋው ጌታ ሥዕል ነው። ነገሥታቱ ዘመቻ ሲወጡ አስይዘውት ይወጡ የነበረው የመጀመሪያው ሰሌዳ የሐበሻ እጅ ሥራ አይደለም። አንዳንዱ አዋቂ የፍላንደርስ ሰው ሠራው ይላል፤ ሌላው የለም፣ ከፍላንደርሶች የተማረ የፖርቱጋል ሰው ነው ይላል። ፍላንደርስ ዛሬ ቤልጂየም በምንለው አገር ያለ ምድር ነው። ከአምስት መቶና ስድስት መቶ ዓመት በፊት የዚያ አገር ሠዓሊዎች በዘይት ቀለም የሰውን ፊት ከነኪንታሮቱ፣ ከነሽብሽቡ፣ እንባውንም ከነብልጭታው ይሥሉ ነበር። ጎረቤቶቻቸው ይህን ሲያዩ አላስቻላቸውም። ጀርመኑ፣ ስፔኑ፣ ፖርቱጋሉ ሁሉ እያየ ወሰደ። እየተወሰደ እየተወሰደ ጎንደር ደረሰ፤ የጎንደር ሰዎች ደግሞ በየራሳቸው እጅ ገለበጡት። አዲስ አበባ ስማር ይህን ያወቅኩ ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ የቆቦ ልጅ ከእነዚያ ሰዎች ጋር በሥጋ ባይሆን በሥራ እንዛመዳለን ብዬ ነበር የማምነው።

እና እነሱም እንደኛ ሥዕሉን ያሠራውን ሰው ከጥግ ያንበረክኩታል፤ ብዙ ጊዜም በጎን ፊቱ ይሥሉታል። የአራጌን ፎቶ ሳይ ይሄ ነው የመጣብኝ። ፍላንደርስ ራሱ አስተካክሎ የላከልኝ መሰለኝ።

ሠራሁት። ጌታን በመሐል፣ በበትር ራሱን የሚመቱትን ሁለት ሰዎች በግራና በቀኝ፣ አራጌን ከግርጌ ተንበርክኮ። ጌታንና መቺዎቹን በአገራችን ወግ ሠራኋቸው። አራጌን ግን እንደ ፍላንደርሶቹ፤ የጆሮውን ልስላሴ፣ የጉንጩን አጥንት፣ ፀሐይ ያቃጠለውን አንገት፣ አንድም አልቀረኝም። እትዬ ወለላ መጥተው አዩት። እጃቸውን ዘርግተው ጉንጩን ሊነኩ ሲሉ እንኳ አልተቆጣሁም፤ ቀለሙ እርጥብ ነው ብዬ እጃቸውን ቀስ አድርጌ ያዝኩ።

«ወላሂ፣ ሊያናግረን ነው የቀረው» አሉ እማ ዓሊማ። «እኛ መስጊዳችን ውስጥ ሰው የማንሥለው ለካ ለዚህ ነው። አንቺ እኮ ታስፈሪያለሽ።»

ከዚያ በላይ የተሞገስኩበት ቀን የለም።

ሥዕሉን ጠቅልለን ሮቢት ወሰድነው። ቄሰ ገበዙ አባ ዘካሪያስ ግድግዳውን አስጠርገው ጠበቁን፤ ኮላውን ቀብተን ከመለጠፋችን በፊት ሕዝቡ ይየው ብለው በአራት ችንካር አስወጠሩት። ሴቶቹ በአንድ ወገን፣ ወንዶቹ በአንድ ወገን ቆሙ። እኔ ምስጋና እየጠበቅኩ ነው። መጀመሪያ እልል ያለች አለች፤ ከዚያ እልልታው ተቆረጠ። ሰው ማንሾካሾክ ጀመረ። ዓይናቸው ደከም ያለ እማማ ሲቲ የሚባሉ አሮጊት ተጠግተው አዩና ጮክ ብለው ጠየቁ፦

«ይሄ ሦስተኛው መቺ ደግሞ ምነው ተንበረከከ?»

ዞሬ ሥዕሉን አየሁት።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይገባዋል። በእኛ ግድግዳ ላይ ደግ ሰው ፊቱን ሙሉ አድርጎ በሁለት ዓይኑ ያያል። በጎኑ ዞሮ አንድ ዓይን ብቻ የሚታየው ክፉ ሰው ነው፤ ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ጌታን የሚመታ ወታደር ነው። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረውም እኔው ነኝ። ሁለቱን መቺዎች በዚሁ ሕግ በገዛ እጄ በአንድ ዓይን ሠርቼ፣ ከሥራቸው አራጌን በአንድ ዓይን አስቀመጥኩት። ቤቴ ውስጥ ብቻውን ሳየው ፍላንደርስ ነበር። እዚህ ከእነሱ ጋር ሲታይ ሦስተኛቸው ሆነ።

አባ ዘካሪያስ ወደ እኔ መጡ። «ፍሬሰላም፣ ይህ ልጅ በዚህ መልኩ እዚህ ግድግዳ ላይ አይውልም።»

ቱግ አልኩ። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ሳውቅ ይብስብኛል። «አባ፣ ይህ እኮ የታወቀ አሣሣል ነው። ኩርዓተ ርእሱ ራሱ ከመጣበት አገር፣ ፍላንደርስ ላይ፣ ቅን ሰውም ቢሆን በጎኑ ይሣላል።»

«ይሁን» አሉ ሳይቆጡ። «እኛ ያለነው ሮቢት ነው። ይህን ልጅ ያጠመቅኩት እኔ ነኝ። ከመቺዎቹ ጋር ተቆጥሮ፣ ቅዳሴ በመጣ ቁጥር ሰው ሲያማው ልይ ነው የምትይኝ?»

እትዬ ወለላ ከሴቶቹ መሐል ወጥተው ሥዕሉ ፊት ቆሙ። ትንሽ አዩትና «አውርዱልኝ» አሉ። ሥዕሉን ይዘን በባጃጅ ወደ ቆቦ አብረውኝ ሲመጡ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገሩት። «አንዱን ዓይኑን የት ጣልሽብኝ?» አሉኝ።

ያን ሳምንት ክፍል ውስጥ ተማሪዎቼን አሳራቸውን አበላኋቸው። በመጨረሻ ቅዳሜ ዕለት ሥዕሉን ዘርግቼ የአራጌን ፊት በነጭ ቀለም ሸፈንኩና እንደ አገራችን ወግ አድርጌ ጀመርኩት፤ ክብ ፊት፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን፣ ቀጭን አፍንጫ። እማ ዓሊማ እትዬ ወለላን ይዘው መጡ። እትዬ ወለላ አዩት።

«ይሄ ማን ነው?»

«አራጌ ነዋ። ሁለት ዓይን አድርጌለታለሁ።»

«ይሄ እኮ ሁሉም ነው» አሉ። «ገብርኤልም ይሄ ነው፣ ጊዮርጊስም ይሄ ነው። ደግ ነው፣ አልጠላሁትም። የእኔ ልጅ ግን አይደለም።»

«እንግዲያስ ምን ላድርግ? ፎቶው ላይ ግማሹ ነው ያለው። ግማሹን ከየት ላምጣው?» ድምፄ ከፍ አለ።

«ጀመራት» አሉ እማ ዓሊማ። እትዬ ወለላ ግን አልተቀየሙም። ሳጥኑ ላይ እንደተለመደው ቁጭ አሉና «ከእኔ ነዋ» አሉ።

እኔ ቶሎ አልገባኝም። ተነስቼ የኩርዓተ ርእሱን ግልባጮች የሰበሰብኩበትን ማኅደር አወጣሁ፤ ንዴቴ እስኪበርድ ማየት ፈልጌ ነው። ያን ቀን ያየሁትን ከዚያ በፊት መቶ ጊዜ አይቼው አላየሁትም። የመጀመሪያው ሠዓሊ የጌታን ዓይን ሰበር አድርጎታል፤ ወደ ታች ነው የሚያየው። የእኛዎቹ ገልባጮች እሾሁን ወሰዱ፣ ደሙን ወሰዱ፣ አንገቱን እንዳዘነበለ ተዉት። ብዙዎቹ ግን ዓይኑን ከፈቱት። ከሩቅ የመጣውን ነገር ወደውታል፤ ሆኖም ጌታ እንዳያያቸው አድርገው ሊያኖሩት አልሆነላቸውም። ያልሆነላቸውን ለወጡት። እኔ ነኝ እንደ ደብተር ግልበጣ ከፍላንደርስ እንዳለ ያመጣሁት።

አራጌን ሰያፍ ማዞር ነው። ፊቱ የራሱ ፊት ሆኖ፣ አንገቱ ትንሽ መለስ ብሎ፣ ሁለቱም ዓይኑ እኛን እንዲያይ። ቀኙን ከፎቶው አገኘዋለሁ። ግራውን እናቱ ያውቁታል።

«ይንገሩኝ እንግዲህ» አልኳቸው።

ነገሩኝ። ከማማ ላይ ሆኖ የማሽላ ወፍ ሲጠብቅ የገዛ ወንጭፉ ተመልሶ መትቶት ግራ ቅንድቡ መሐል ላይ ተቆርጧል፤ እዚያ ላይ ፀጉር አይበቅልም። ግራ ጆሮው ጫፉ ታጥፏል፤ ሕፃን ሆኖ በዚያ ጎኑ ብቻ ነበር የሚተኛው። ሲስቅ ጉንጩ የሚሰረጉደው በግራው ብቻ ነው። «የት ላይ?» ስላቸው ለማስረዳት ብለው እንደ እሱ ሳቁ፤ በእሳቸው ጉንጭ ላይ የፎቶው ልጅ ሳቅ መጣ። እማ ዓሊማ ከበሩ አጠገብ ሆነው «ራሱ! ራሱ!» አሉ። እኔም እትዬ ወለላን «እንዳይንቀሳቀሱ» ብዬ ፊታቸውን እያየሁ ሠራሁ። ከዚያ ቀን በፊት ከሰው ፊት እንዲህ ያለ ደስታ አግኝቼ አላውቅም። የእናቱ ግራ ጉንጭ ከልጁ ቀኝ ጉንጭ ጋር ልክ ገጠመ። ዛሬ ሮቢት ሄዳችሁ ብታዩት ስፌቱን አታገኙትም። አባ ዘካሪያስም ካዩት ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገሩበትም።

አገጩ ላይ ስደርስ ብሩሹን አቆምኩ። ፎቶው ላይ ልጁ ገና ለጋ ነው፤ ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ያለው ጢም ለስሙ ነው ያለው። ምንም ሳላስብ ጠየቅኩ፤ የሥራ ጥያቄ ነበር።

«እትዬ ወለላ፣ ዕድሜውን እንዴት ላድርገው? እንደ ፎቶው ነው ወይስ አሁን እንዳለው?»

በድሮው አሣሣል ይህ አይጠየቅም። በግድግዳ ላይ ያለ ሰው ዕድሜ የለውም። እኔ ነኝ የእነዚያን ሰዎች ነገር ቤቴ ያስገባሁት፤ እነሱ ፊት ሲሥሉ ዓመቱንም አብረው ይሥላሉ።

«አሁን እንዳለው ነዋ» አሉ ቶሎ ብለው። «ሰው እንደሄደ አይመለስም። አድጓል።»

«እሺ። ጢሙስ?»

«አባቱ ጢመ ብዙ ነበር። እሱም ይሞላለታል።»

በከሰል ጢም ነካካሁለት። «እንዲህ?»

ዘንበል ብለው አዩት። «እንጃ... ይሄን ያህልስ አይበዛ ይሆናል።»

በጣቴ ቀነስኩት። «ፊቱስ? ሞላ ብሏል ወይስ ከስቷል?»

«እሱማ እንደሚበላው ነው። ምን እንደሚያበሉት...» ብለው አቆሙ። ነጠላቸውን ሳቡ፣ ለቀቁ፣ መልሰው ሳቡ። «ትከሻው ሰፍቶ ይሆናል። ትከሻ አለው የአባቱ ዘር። ግንባሩ ግን...»

የአንዲት ቅንድብ ቁስል የት ላይ እንደሆነች በጣታቸው ጫፍ ያሳዩኝ ሴትዮ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጃቸው ላይ አንዲት ነገር ማሳየት አቃታቸው። ያን ጊዜ ምን እንደጠየቅኳቸው ገባኝ። ምላሴን ብቆርጠው በወደድኩ።

«ይተዉት፣ ሌላ ቀን እንጨርሰዋለን» አልኩ።

ሥዕሉን ማየት ቀጠሉ። ዓይኑን፣ ከዚያ ጢሙን፣ ከዚያ እንደገና ዓይኑን።

«ፍሬ።»

«አቤት።»

«ይሄን ጎረምሳ አላውቀውም።»

«ጢሙ ነው፤ አጠፋዋለሁ።»

«አጥፊው» አሉ። «አታሳድጊብኝ። የእኔ ልጅ እዚያው ላይ ነው የቀረው።»

ጨርቅ አንስቼ ከሰሉን ጠረግኩት። ከሥሩ የአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አገጭ ወጣ፤ እትዬ ወለላ አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ከሳጥኑ ላይ ተንሸራትተው መሬት ተቀመጡ፤ የለበሱትን ነጠላ አውልቀው ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቀው ለበሱት። ነጠላ እንዲህ የሚለበሰው ለሞተ ሰው ነው።

እማ ዓሊማ ከበሩ ተነሱ። ጫማቸውን አውልቀው መጡና አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ትከሻ ለትከሻ።

«እህቴ» አሉ። «አራት ዓመት ሙሉ አብሽሪ፣ አብሽሪ ስልሽ ኖርኩ። አልቅሺ ልልሽ እየፈለግኩ። ፈራሁሽ።»

እትዬ ወለላ «አራጌዬ» ብለው ጀመሩ። መጀመሪያ ዝግ ያለ ነበር፤ ከዚያ ደረታቸውን መምታት ጀመሩ፤ እማ ዓሊማ እጃቸውን ይዘው አብረው አለቀሱ። እኔም ብሩሹን ጥዬ ወረድኩና ከእነሱ ጋር ተቀመጥኩ። አለቀስኩ፤ አላፈርኩበትም። የማላውቀውን ልጅ በሁለቱም ጎኑ አውቄዋለሁ።

ድምፃችን መንገድ ድረስ ተሰምቶ ኖሮ ጎረቤቴ ራዊያ በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች። እንግዳዎቼን አታውቃቸውም። በሩ ላይ ቆማ አንዴ እኔን፣ አንዴ እነሱን አየች።

«ምነው? ማን ሞተ?» አለችኝ።

እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት እትዬ ወለላ ቀና አሉ።

«ልጄ» አሏት። «አራጌ የሚባል ልጅ ነበረኝ።»